ከክፍል ውጪ፦ ሃምፕተን፣ ባሕሩና የአያት መልስ



የዚህ ወር ዓምድ ተራ የእኔ ነው። ባለፈው ወር ባልደረባዬ ልጆች ቤት ውስጥ አማርኛ እንዲያነቡ ስለ ማድረግ የጻፈውን እንዳነበባችሁ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ካላነበባችሁ ይቀየማል። እኔ ስለ ሃምፕተኑ ጉዞ ልጽፍ ቃል ገብቼ ነበር። ያልመጣችሁት “እንዴት ነበር?” እያላችሁ ስትደውሉ ለአንዱ ስለ ባሕሩ፣ ለሌላው ስለ ሆቴሉ፣ ለሦስተኛው ደግሞ ስለ “ያ ጥያቄ” ስመልስ ሰነበትኩ። አሁን ሁሉንም አንድ ላይ ላድርገውና ልረፍ።

ሐሳቡ የመጣው ከክፍል ነው። አንድ ቅዳሜ “ባሕር ዳር” የሚል ቃል ስናነብ ግማሹ ልጅ ከተማዋን አሰበ፣ አንዷ ደግሞ “ቲቸር፣ ቢች ማለት ነው?” አለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። ግን ሞገድን፣ ዛጎልን፣ ምሽግን በሥዕል ብቻ ማስተማር ሰልችቶኝ ነበር። እኔ ራሴ ያደግሁት ደሴ ነው፤ ለእኛ ትልቅ ውኃ ማለት ሐይቅ ነው። እውነተኛውን ባሕር ያየሁት ሃያ ስድስት ዓመቴ ላይ ነው። ያን ቀን ከአፌ የወጣው “ወይኔ!” ብቻ ነበር፤ ልጆቻችን ከዚያ የተሻለ ቃል ይኑራቸው ብዬ ነው።

ብዙዎቻችሁ ቨርጂኒያ ቢች ይሻላል ብላችሁ ነበር። ሃምፕተንን የመረጥነው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ቼሳፒክ ቤይ ላይ ስለሆነ ማዕበሉ እንደ አትላንቲኩ አይደለም፤ ዋና ለማያውቅ ልጅ (ለማታውቅ አስተማሪም) ይመቻል። ሁለተኛ፣ ምሽጉም የባሕሩ ዳርቻም መግቢያ አይከፈልባቸውም። ሦስተኛውና ዋናው፣ በዚያች ትንሽ መሬት ላይ የተደረገው ነገር ልጆቻችን በአሜሪካ ትምህርት ቤታቸው በየዓመቱ የሚሰሙት ታሪክ መነሻ ነው። ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት ይለያል።

ከእኛ ሰፈር ወደ 170 ማይል ገደማ ነው። በወረቀት ሲታይ ሦስት ሰዓት፤ 95 ቁጥር መንገድን የምታውቁት ግን ሦስት ሰዓት የሚባለው ለመላእክት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስተን፣ ሪችመንድ ላይ ወደ 64 ታጥፈን፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። እንዲህ በጊዜ የደረስነው በማለዳ ስለወጣን ነው። “ልጆቹ ይተኙ፣ ሁለት ሰዓት ላይ እንነሳ” ያላችሁት ሁለት ቤተሰቦች በስንት ሰዓት እንደደረሳችሁ ራሳችሁ ተናገሩ።

መጀመሪያ የሄድነው ፎርት ሞንሮ ነው። ይህ ምሽግ እ.ኤ.አ. በ1819 መሠራት ተጀምሮ በ1834 ያለቀ ሲሆን በአሜሪካ ከድንጋይ ከተሠሩት ምሽጎች ሁሉ ትልቁ ነው። ዙሪያውን በውኃ የተሞላ ሰፊ ቦይ ከቦታል። መኪና የሚገባው በድልድይ አልፎ፣ አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፍ ጠባብ የግንብ በር ነው። አንድ አባት ቫናቸውን ሲያስገቡ መስታወቱን አጥፈው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር፤ ልጆቹ አጨበጨቡላቸው። ውስጡ ሙዚየም ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች፣ ትልልቅ ዛፎች፣ ሣር ሜዳ አለው። የጦር ሠራዊቱ በ2011 ለቆ ሲወጣ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ፕሬዚዳንት ኦባማ ብሔራዊ ቅርስ ብለው አወጁት።

ግንቡ ጫፍ ላይ ሣር የለበሰ የእግር መንገድ አለ። ከዚያ ላይ ሆኖ ባሕሩና የሚያልፉት መርከቦች ይታያሉ፤ ከ200 ዓመት በላይ የቆመው ነጭ የመብራት ማማም ከታች ይታያል። ልጆቹን የገረማቸው ግን ሌላ ነው። እዚያው ግንቡ ላይ ወታደሮች የቀበሯቸው ውሾችና ድመቶች መቃብር አለ፤ ትንንሽ የድንጋይ ሐውልት፣ ስም የተጻፈበት። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ የእያንዳንዱን ውሻ ስም በእንግሊዝኛ እያነበበች በፊደል ካልጻፍኩ ብላ ሃያ ደቂቃ አቆመችን። ሙሉ ዓመት የጽሑፍ ልምምድ ስሰጣት እንዲህ ሆና አታውቅም። ለካ ውሻ ነበር የጠፋው።

ከዚያ ወረድንና ወደ ባሕሩ ጫፍ ሄድን። ቦታው ፖይንት ኮምፈርት ይባላል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1619 “ዋይት ላየን” የምትባል የእንግሊዝ መርከብ እዚህ ቆማ ሃያና ከዚያ ትንሽ የሚበልጡ አፍሪካውያንን በምግብ ለወጠች። በምግብ! ሰዎቹ ዛሬ አንጎላ ከምንለው አገር የተያዙ ነበሩ፤ መጀመሪያ የጫነቻቸው የፖርቹጋል መርከብ ስትሆን፣ መንገድ ላይ ተዘርፈው ነው እዚህ የደረሱት። ወደ እንግሊዞቹ ቨርጂኒያ ሲመጡ በጽሑፍ የተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን እነሱ ናቸው። ከመካከላቸው አንቶኒና ኢዛቤላ የሚባሉ ባልና ሚስት ዊልያም የሚባል ልጅ ወልደዋል፤ የዚህ ሕፃን መጠመቅ በ1620ዎቹ በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ይህንን በአማርኛ እያስረዳሁ ሳለ ነው አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ “እኛም በመርከብ ነው የመጣነው?” ብሎ የጠየቀው።

አንዲት እናት ከአፉ ቀበል አድርገው “አይ የእኔ ልጅ፣ እኛ በአውሮፕላን ነው፤ በዲቪ!” አሉ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ልጁ ግን አልሳቀም። “እሺ፣ ታዲያ ይሄ የእኛ ታሪክ አይደለም?” አለ። ለካስ በየካቲት ወር ትምህርት ቤቱ የቤተሰብ ታሪክ እንዲጽፉ ሲታዘዝ የትኛው ጋ መቆም እንዳለበት ጠፍቶት ኖሯል። አስተማሪው ጥቁር አሜሪካዊ ይለዋል፣ እቤት “አንተ ሐበሻ ነህ” ይባላል፣ ጓደኞቹ ደግሞ ሁለቱንም አያውቁም።

እኔም ችኩል ነኝና ቶሎ መለስኩ። “የእኛ ሌላ ነው፣ እኛ በባርነት አልተሸጥንም” አልኩት። ይህንን ያልኩት አስተማሪዋ ነኝ። መልሴ ስህተት መሆኑን ለማወቅ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የፈጀብኝ።

ቀጥለን ወደ ኬዝሜት ሙዚየም ገባን። ይህ በራሱ በግንቡ ሆድ ውስጥ ያለ፣ ጣሪያው ቅስት የሆነ፣ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል በክፍል ነው። የደቡቦቹ ፕሬዚዳንት የነበረው ጄፈርሰን ዴቪስ ከጦርነቱ በኋላ የታሰረበት ክፍል እዚያ አለ። ወጣት መሐንዲስ ሳለ ሮበርት ሊም ምሽጉ ሲሠራ እዚህ አገልግሏል፤ በኋላ የደቡቡን ጦር ሲመራ ይህ ምሽግ ግን እስከ ጦርነቱ ማብቂያ በሰሜኖቹ እጅ ነበር። ልጆቹ ለሁለቱም ግድ አልነበራቸውም። የያዛቸው የሦስቱ ሰዎች ታሪክ ነው።

ፍራንክ ቤከር፣ ሼፐርድ ማሎሪና ጄምስ ታውንሴንድ በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። በግንቦት 1861 ጌታቸው ከባሕሩ ወዲያ ማዶ ለደቡቡ ጦር ምሽግ እንዲሠሩ አደረጋቸው። ከዚያም ቤተሰባቸውን ትተው ወደ ሩቅ ሊወሰዱ መሆኑን ሰሙ። በሌሊት በትንሽ ጀልባ እየቀዘፉ ውኃውን አቋርጠው ወደዚህ ምሽግ መጡ። በማግስቱ የጌታቸው መልእክተኛ መጣና “ያመለጠ ይመለስ የሚል ሕግ አለ፣ መልሱልን” አለ። የምሽጉ አዛዥ ጄኔራል በትለር ወታደር ከመሆኑ በፊት ጠበቃ ነበር። “ቨርጂኒያ ከአገሪቱ ተገንጥያለሁ ካለች የአገሪቱን ሕግ ልትጠቅስብኝ አትችልም” ብሎ መለሰ፤ ሰዎቹንም ከጠላት እንደተማረከ ንብረት ቆጥሮ አስቀራቸው። ንብረት መባላቸው ደስ አይልም፤ ይህንንም ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ። ግን ወሬው ሲሰማ በቀናት ውስጥ ሌሎች መጡ፣ ከዚያ በመቶዎች፣ ከዚያ በሺዎች። ምሽጉ “የነጻነት ምሽግ” የሚል ቅጽል ስም ያገኘው ከዚህ ነው። ነጻነታቸውን ማንም ይዞላቸው አልመጣም፤ ቀዝፈው ነው የደረሱበት።

እዚያው ቆመን አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ “ቲቸር፣ ስሌቭ በአማርኛ ምንድን ነው?” አለኝ። የቃላት ደብተሩን አውጥቶ ነበር። “ባሪያ” አልኩት። ልጁ እርሳሱን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። “ኦ። አጎቴ የጎረቤታችንን ሰውዬ እንዲህ ነው የሚለው። እኔ ‘ብላክ’ ማለት መስሎኝ ነበር” አለ።

አካባቢያችን የነበርነው አዋቂዎች ሁላችን ጸጥ አልን። አንዱ ግድግዳውን ማንበብ ጀመረ፣ አንዷ የልጇን ጫማ አሰረች። እኔ ምን እንዳልኩ እንኳ በደንብ አላስታውስም፤ “በደብተርህ ላይ ‘በባርነት የተያዘ ሰው’ ብለህ ጻፍ” ያልኩት ይመስለኛል።

ልጁንም አጎቱንም ለማሳጣት አይደለም ይህንን የምጽፈው። እኔ ያደግሁበት ሰፈር ያ ቃል እንደ ጨው ነበር። ጠቆር ላለ ልጅ፣ አፍንጫው ሰፋ ላለ፣ ለሠራተኛ፣ ለስድብም ለቀልድም። እኔም ብያለሁ። አሜሪካ መጥቼ አውቶቡስ ላይ፣ ሥራ ቦታ፣ “አይሰሙንም” በሚል ሲባል ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ልጆቻችን ግን ይሰማሉ፤ አማርኛ አይችሉም እያልን ስናማቸው ይቺን ቃል ችለዋታል።

ምሳችንን የበላነው ከባሕሩ ፊት ለፊት ካለው የእግር መንገድ አጠገብ፣ ሣሩ ላይ ነው። (ድፎውን ላመጣችሁት፣ ሳንቡሳውን ለጠበሳችሁት፣ የጾሙንም የፍስኩንም ለይታችሁ ለጠቀለላችሁት እግዜር ይስጥልን። ሻይ በሰኔ ሙቀት ማን ይጠጣል ብዬ ነበር፤ ሦስቱም ፔርሙዝ አለቀ።) ከእኛ ጋር የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡ አንዲት አያት ነበሩ። ሰማንያን ያለፉ ናቸው፤ ያደጉት ጎጃም ነው። ሙዚየም ውስጥ ሲዞሩ ደክሟቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበርና ምንም የሰሙ አልመሰለኝም። ያ የመርከቡን ነገር የጠየቀው ልጅ ሳንቡሳውን ይዞ አጠገባቸው ቁጭ አለና “እማማ፣ አንቺ ልጅ ሆነሽ ኢትዮጵያ ውስጥ ስሌቭ ነበር?” አላቸው። “አንቺ” ማለቱን እንኳ ላርመው አልቻልኩም።

አንድ አባት ከኋላ “የለም፣ የለም፣ እኛ አገር...” ብሎ ሲጀምር አያት እጃቸውን አነሱ።

“ነበረ እንጂ ልጄ” አሉ። “በእኛ ቤት አንዲት ሴት ነበሩ። እኔ ስወለድ የንጉሡ አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ ነጻ ናቸው ይባላል። ግን የት ይሂዱ? አገራቸውን አያውቁት፤ በሕፃንነታቸው ነው የተወሰዱት። እኔን አዝለው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እናቴ ስትቆጣ በዚያ ስም ትጠራቸው ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ጠራኋቸው። ምንም አላሉኝም። እንስራቸውን ይዘው ውኃ ሊቀዱ ወጡ።”

ልጁ ትንሽ አሰበና “ስማቸው ማን ነበር?” አለ። ነገሩት። እዚህ አልጽፈውም፤ አያት “ለልጆቹ ነው የነገርኩ” ብለውኛል።

እኔ በበኩሌ የመጀመሪያ መልሴን እዚያው ሣሩ ላይ አረምኩ። ልጆቹን ሰብስቤ የማውቀውን ነገርኳቸው፤ ለእናንተም ባጭሩ ልድገመው፣ ሲጠይቋችሁ እንዲረዳችሁ። ባርነት በአገራችን ለብዙ ዘመን ነበረ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ከተነሱት ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ ሕግ ወጣ፤ ጨርሶ የተከለከለው ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1942) በወጣው አዋጅ ነው። ከእኛም በመርከብ የተጫኑ አሉ፤ በቀይ ባሕር በኩል ወደ ዓረብ አገርና ወደ ሕንድ። ማሊክ አምባር የሚባለው ሰው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከኢትዮጵያ በልጅነቱ ተሸጦ፣ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ሕንድ ደረሰ፤ በኋላ ደካን ውስጥ የጦር መሪና የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ሆነ። ስለዚህ “እኛም በመርከብ ነው የመጣነው?” ለሚለው መልሱ ዲቪ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ወደ ባክሮ ቢች ሄድን፤ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። አሸዋው ንጹሕ ነው፣ የልጆች መጫወቻ፣ ረጅም የዓሣ ማጥመጃ ድልድይና የሕዝብ መጸዳጃ አለ፤ በበጋ ነፍስ አድን ሠራተኞች ይቀመጣሉ። ከዚሁ ባሕር ዳር ተያይዞ ቤይ ሾር የሚባል ሌላ የባሕር ዳርቻ ነበር። በዘር መለያየት ዘመን ባክሮ የነጮች ነበርና ጥቁሮች የራሳቸውን ሆቴልና መዝናኛ እዚያ አቋቁመው፣ ሙዚቀኞች እያመጡ ይዝናኑበት ነበር። ዛሬ ስትሄዱ የት እንደሚያልቅ የት እንደሚጀምር አታውቁም። ልጆቻችን እየሮጡ ሁለቱንም አዳረሱት።

ስለ ውኃው አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። አብዛኞቻችን ዋና አንችልም፤ የማንችለውን ያህል ደግሞ “ዳር ዳሩን ነው” እያልን እንዘናጋለን። በአሜሪካ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያሉ ሕፃናትን በመግደል ቀዳሚው ውኃ ውስጥ መስጠም ነው። በአየር የሚነፋ የክንድ ፊኛና የዳክዬ ጎማ መጫወቻ እንጂ መከላከያ አይደለም፤ ልክ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት ያስፈልጋል። ለሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ቤቱ ጥቂት ለመግዛት አስቧል። በበጋ ቼሳፒክ ውስጥ የሚናደፍ ጄሊፊሽም አለ። አንዱን ልጅ እግሩ ላይ ነካው፤ ነፍስ አድኑ ኮምጣጤ አፈሰሰበትና በአሥር ደቂቃ ውስጥ እየሮጠ ነበር፤ እናቱ ግን እስከ ማታ አልተረጋጉም። ሹሩባ ያሠራችሁ ደግሞ፣ ጨውና አሸዋ አንድ ላይ ምን እንደሚያደርግ አሁን ታውቃላችሁ፤ ኮፍያ አድርጉላቸው ብዬ ነበር።

ልጆቹ አሸዋው ላይ የዕለቱን ቃላት እንዲጽፉ ነበር ያሰብኩት። ጻፉም፦ ሞገድ፣ ዛጎል፣ ጀልባ። ያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለብቻው ሄዶ የጻፈው ግን ከዝርዝሬ ውስጥ አልነበረም። የሴትዮዋን ስም ነው። አንዱን ፊደል ራብዑን ትቶ ግዕዙን ጽፎታል። አላረምኩትም። አያት መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡት፤ ከዚያ “እግራችሁን እዚህ እንዳታደርጉ” እያሉ ሌሎቹን ልጆች ሲከላከሉ አመሹ።

ወደ ኦኩ ዛፍ የሄድነው ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። “ኢማንሲፔሽን ኦክ” ይባላል፤ ሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ አጠገብ ቆሟል። የግል ግቢ ስለሆነ አስቀድማችሁ ደውሉና ጠይቁ። ቅርንጫፎቹ ወደ ጎን ተዘርግተው መሬት ሊነኩ ምንም አይቀራቸውም፤ ክረምት ከበጋ ቅጠሉን የማያራግፍ ዓይነት ነው። ወላጆች ሁሉ አንድ ላይ “ዋርካ!” አልን። ዋርካ አይደለም፤ ግን ልባችን ያወቀው ዋርካ ነው።

በ1831 የወጣ የቨርጂኒያ ሕግ ጥቁሮችን ሰብስቦ ማንበብ ማስተማርን ከልክሎ ነበር። ሜሪ ፒክ የምትባል፣ ነጻ ሆና የተወለደች ጥቁር ሴት ግን በምሥጢር ታስተምር ነበር። እነዚያ ሦስቱ ሰዎች ባመለጡበት ዓመት፣ በመስከረም 1861፣ ወደ ምሽጉ ለሸሹት ሰዎች በግልጽ ማስተማር ጀመረች። የመጀመሪያ ትምህርቷን የሰጠችው በዚህ ዛፍ ጥላ ሥር እንደሆነ ይነገራል። ቀን ሕፃናትን፣ ማታ ጎልማሶችን ታስተምር ነበር። ሳንባዋ ታማ በየካቲት 1862 ሞተች፤ ያስተማረችው ከግማሽ ዓመት ያነሰ ነው። በ1863 የሊንከን የነጻነት አዋጅ ለአካባቢው ሕዝብ የተነበበው በዚሁ ዛፍ ሥር ነው። ዛሬ ሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የተባለው ትምህርት ቤት ደግሞ በ1868 ተከፈተ፤ ቡከር ቲ. ዋሽንግተን የተማረው እዚህ ነው።

ዛፍ ሥር መማር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት ዛፍ ሥር የቆጠሩ አባቶች ከመካከላችን አሉ፤ አንዱ ለልጆቹ እንዴት እንደሚቆጠር በዜማ አሳዩአቸው። ልጆቹም ከ“ሀ ሁ” እስከ “ፐ” ደረሱ፤ እኔ ክፍል ውስጥ “መ” ላይ የሚደክሙብኝ ልጆች! መንገደኞች ቆመው አዩን። ልከኛ ነገር ይሁን አይሁን ባላውቅም ከልካይ አልመጣም።

እሑድን ባጭሩ፦ ቅዳሴ አያምልጠን ያላችሁ ማታውኑ ተመለሳችሁ። የቀረነው ስድስት ቤተሰቦች ወደ ቤት ስንመለስ ጄምስታውን ጋ ወርደን በቨርጂኒያ ካፒታል ትሬይል ላይ ብስክሌት ነዳን። ይህ ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ የተነጠፈ መንገድ ነው፤ ከጄምስታውን እስከ ሪችመንድ 52 ማይል ያህል ይሄዳል፣ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በ2015 ነው። ጫካ ነው፣ እርሻ ነው፣ ረግረግ ነው፣ ከዚያ የቺካሆሚኒ ወንዝ ድልድይ። እኛ 52ቱን አልሞከርንም፤ ሁለት ማይል ሄደን ሁለት ማይል ተመለስን፤ እኔ በእግሬ። ጥላው ደስ ይላል፣ መኪና አያስፈራም፣ ለትንንሾቹ ከባሕሩም ይልቅ የተመቸው ይሄ ነው። ከቤታችን አጠገብም እንዲህ ያለ መንገድ አለና (ደብሊውኤንድኦዲን አስቡ) ለዚህ ሃምፕተን ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ስልኮቹ ልመለስ። ከጉዞው በኋላ አንዲት እናት “ልጆቹን አገራቸውን እንዲጠሉ አታድርጊ” ብለውኛል፤ ሌላ ወላጅ ደግሞ ይህ የአማርኛ ትምህርት ቤት እንጂ የታሪክ ክርክር ቦታ አይደለም ብለዋል። ሁለቱንም አክብሬ ሰምቻለሁ። ለማሳፈር አልነበረም። ልጁ አገሩን አልጠላም፤ እንዲያውም በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀድሞ የመጣው እሱ ነው፣ ያጎደለውን ራብዕ ሊጠይቀኝ። የቃሉን ትርጉም ደግሞ ስጠየቅ አላውቅም ልል አልችልም፤ ሥራዬ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄ ክፍል ውስጥ ቢነሳ እንዴት እንመልስ የሚለውን መምህራኑ ብቻችንን ከምንወስን ከእናንተ ጋር ብንነጋገር ይሻላል። ስለዚህ በመጪው የወላጆች ስብሰባ መጀመሪያ ላይ ግማሽ ሰዓት ተይዞለታል። አያትም እመጣለሁ ብለዋል፤ ደረጃው ስለሚያስቸግራቸው ስብሰባው ታች ቤት ነው የሚሆነው።

እስከዚያ አንድ ልመና አለኝ። ያችን ቃል ቤት ውስጥ፣ መኪና ውስጥ፣ ስልክ ላይ ተዉአት። ልጃችሁ ትርጉሟን አሁን ያውቃል፤ ደብተሩ ላይ ጽፎታል።

እኔ ጋ የቀሩ ዕቃዎች፦ አንድ ሰማያዊ የልጅ ጫማ (የግራው ብቻ)፣ ሁለት ፎጣ፣ ክዳን የሌለው ፔርሙዝና በላስቲክ የተቋጠረ ዛጎል። ዛጎሉ ትንሽ መሽተት ስለጀመረ ባለቤቱ ቶሎ ይውሰድልኝ።